የደቻቱን ጎርፍ በአራት ኮር ማስላት

ድሬ ዳዋ ላይ ጎርፍ ሲመጣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ላይዘንብ ይችላል። ዝናቡ የሚወርደው ላይ ነው፤ ደንገጎና ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ። ደቻቱ ከተማውን ለሁለት የሚከፍል ደረቅ ወንዝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሻገርበት የዋለው አሸዋው ማታ ወንዝ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት የመጣው ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

ጥያቄው ሲነገር አጭር ነው። ደጋው ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ ውሃው ከዚራና መጋላ በሚባሉት ሰፈሮች መሃል ሲደርስ ምን ያህል ይጠልቃል? ለመድረስስ ምን ያህል ይፈጅበታል? መልሱ ግን በአንድ ስሌት አያልቅም። 60ው 80 ቢሆንስ? አፈሩ ቀድሞ ረጥቦ ከሆነስ? ዝናቡ በምሥራቅ በኩል ቢበረታስ? እያንዳንዱ "ቢሆንስ" ራሱን የቻለ ስሌት ነው። አንዱ ስሌት ሌሊቱን ሙሉ ከፈጀ ሁለተኛውን ለመጠየቅ አቅም ያለው ሰው አይኖርም።

አንዲት የማውቃት የውሃ መሐንዲስ ይህን የሚያሰላ ፕሮግራም በሲ ፕላስ ፕላስ ነበራት። በአንድ ኮር (ኮር ማለት የፕሮሰሰሩ አንዱ ስሌት ሠሪ ክፍል ነው) በትክክል ይሠራል፤ ግን ይንቀራፈፋል። እኔ የገባሁት ላፕቶፑ ላይ ሥራ ፈትተው የተቀመጡትን ሦስት ኮሮች ለማሠራት ነው። እዚህ የምጽፈው ሲ ፕላስ ፕላስ ለሚያውቅ፣ ወደ ብዙ ኮር ግን ገና ለሚገባ ሰው ነው። አማርኛ ላይ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ብዙ አላገኘሁም። ተማሪዎች ደግሞ እየደጋገሙ ይጠይቁኛል።

መጀመሪያ መረጃው። ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ምድርን በራዳር ለክታ ነበር። የከፍታ መረጃው በነጻ ይወርዳል። አንድ ፋይል አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ይሸፍናል። የድሬው ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው ነው። በውስጡ 3,601 ረድፍና 3,601 ዓምድ አለ፤ ማለትም 12,967,201 የከፍታ ነጥብ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 30 ሜትር ገደማ ነው። ለከተማው ውስጥ ይህ አይበቃም፤ አጥርና ግንብ አያሳይም። ውሃው ከደጋው እንዴት እንደሚወርድ ለማየት ግን ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ስሌቱን አስቡት። ሞዴሉ ጊዜን በትንንሽ እርምጃ ይከፍላል። በእያንዳንዱ እርምጃ እያንዳንዱ ሴል፣ ማለትም በአንድ የከፍታ ነጥብ ዙሪያ ያለው 30 ሜትር ገደማ ካሬ፣ ውሃውን ዝቅ ወዳለው ጎረቤቱ ያሳልፋል። እርምጃው እንደልብ አይረዝምም። ውሃው 2 ሜትር ከጠለቀ ሞገዱ በሴኮንድ 4.4 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ 30 ሜትሩን ሴል በ6.8 ሴኮንድ ያቋርጣል። እርምጃው ከዚያ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ስሌቱ ይናጋል፣ ቁጥሩ ያብዳል። 5 ሴኮንድ ብንል የ12 ሰዓት ጎርፍ ማስላት 8,640 እርምጃ ነው። ይህን በ13 ሚሊዮን ሴል ስታባዙት ከ112 ቢሊዮን በላይ የሴል ስሌት ይመጣል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ቶሎ ወደ ትሬድ፣ ማለትም ሥራውን ከፋፍሎ በየኮሩ ጎን ለጎን ወደ ማስኬድ፣ ይሮጣል። ቆዩ። መጀመሪያ ሥራውን ቀንሱት። ለደቻቱ የሚያስፈልገው ተፋሰሱ፣ ማለትም ውሃው ወደ ወንዙ የሚወርድበት መሬት፣ ብቻ ነው። ፋይሉን ቆርጠን ወደ ሺህ በሺህ ሴል ስናወርደው ሥራው ወደ 13 እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ይህን ያህል አራት ኮር አይሰጥም። ስምንትም አይሰጥም።

ሁለተኛው ነገር ሉፑ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ የአንድ ረድፍ ቁጥሮች ሜሞሪ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ፕሮሰሰሩ ደግሞ ከሜሞሪ አንድ ቁጥር ብቻ አያመጣም። ዛሬ በብዛት ባሉት ፕሮሰሰሮች ላይ 64 ባይት አንድ ላይ ያመጣል። ይህ 16 ፍሎት (ባለ 4 ባይት ቁጥር) ነው። በረድፍ ከሄዳችሁ 16ቱንም ትጠቀማላችሁ። በዓምድ ከሄዳችሁ ግን በየደረጃው 4,000 ባይት እየዘለላችሁ ከ16ቱ አንዷን ብቻ ነው የምትነኩት። ውስጠኛው ሉፕ የትኛው እንደሆነ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፓይለሩ በማሻሻያ ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት መጠራቱንም አረጋግጡ። ሳይሻሻል የተጠናቀረ ኮድ ላይ የኮር ብዛት መለካት ትርጉም የለውም።

እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው ወደ ኮሮቹ የምንመጣው።

የፕሮሰሰር ፍጥነት እ.ኤ.አ. እስከ 2004 አካባቢ በየዓመቱ ያድግ ነበር። በዓመቱ የገዛኸው አዲስ ማሽን ያንኑ ኮድ ሳትነካው ያፈጥንልህ ነበር። ከዚያ ሙቀቱና የኃይል ፍጆታው አላስኬድ አለ። አምራቾቹም አንዱን ኮር ከማፍጠን ይልቅ ኮር ማብዛት ጀመሩ። ስለዚህ ዛሬ ኮዱ ራሱ ካልተከፋፈለ ቀሪዎቹ ኮሮች ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ሲ ፕላስ ፕላስ ትሬድን የቋንቋው አካል ያደረገው በ2011 ነው። ኦፕን ኤምፒ የተባለው፣ ሉፕን ለትሬዶች የሚያከፋፍሉ ትእዛዞች ስብስብ፣ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ለሲና ለሲ ፕላስ ፕላስ የወጣው በ1998 ነው፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር። እንዲህ ላለ በሰንጠረዥ ላይ ለሚሄድ ሥራ እኔ ኦፕን ኤምፒን እመርጣለሁ። ከሉፑ በላይ አንድ መስመር ትጽፋለህ፤ ኮምፓይለሩ ረድፎቹን ለትሬዶች ያከፋፍላል።

አደጋውም ያለው እዚያው አንድ መስመር ላይ ነው። መስመሯ ትገባለች፣ ፕሮግራሙ ይሮጣል፣ ይፈጥናል፣ ካርታው ያምራል። መሐንዲሷ ግን ካርታ አይታ አትረካም። ሁልጊዜ የምታደርገው አንድ ፍተሻ አላት። ከዘነበው ውሃ አፈሩ ከጠጣው የተረፈው በሙሉ ወይ መሬት ላይ አለ፣ ወይ ከካርታው ጠርዝ ወጥቷል፤ ሌላ የሚሄድበት የለም። ሁለቱን ደምራ ከዚያ ጋር ታስተያያለች። በአንድ ትሬድ ልክ ነበር። በአራት ትሬድ አልገጠመም።

"አቦ፣ ውሃው የት ገባ?" አለችኝ።

ደግመን አስኬድነው። አሁንም ጎደለ፤ ግን የጎደለው መጠን ሌላ ነው። ያንኑ ኮድ በዚያው መረጃ ስታስኬዱ ውጤቱ በየጊዜው ከተለያየ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት የዳታ ሬስ ነው፤ ሁለት ትሬዶች ሳይጠባበቁ አንድ ቁጥር ላይ ሲሻሙ ማለት ነው።

የሆነው ይህ ነው። አንድ ሴል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ አለ። ከላዩ ያለው ሴል 2 ሊጨምርለት ነው፤ ከታቹ ያለው ደግሞ 3። መጨረሻው 15 መሆን አለበት። መጨመር ግን ለፕሮሰሰሩ አንድ ድርጊት አይደለም። ያነባል፣ ይደምራል፣ መልሶ ይጽፋል። አንደኛው ትሬድ 10ን አነበበ። ሳይጽፍ ሁለተኛውም 10ን አነበበ። አንዱ 12 ጻፈ፣ ሌላው 13 ጻፈበት። 2 ሴንቲ ሜትር ውሃ ጠፋ። ማንም ስህተት አላሳየም፣ ፕሮግራሙም አልወደቀም።

ይህ ባግ ለምን እንደሚደበቅ ልብ በሉ። ሺህ ረድፍ ለአራት ትሬድ ሲከፋፈል እያንዳንዱ 250 ተከታታይ ረድፍ ይደርሰዋል። ሁለት ትሬዶች አንድ ሴል ላይ ሊጋጩ የሚችሉት በክፍፍሉ ወሰን ላይ ብቻ ነው። ከሺህ ረድፍ የሚያሰጉት ጥቂቶቹ ናቸው። እነሱም ላይ ሁለቱ ትሬዶች በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ስለዚህ ፍተሻው አሥር ጊዜ አልፎ ሪፖርት በሚጻፍበት ቀን ሊወድቅ ይችላል። እኔ አሁን እንዲህ ያለ ኮድ ስፈትሽ ክፍፍሉን ሆን ብዬ አንድ አንድ ረድፍ አደርገዋለሁ። ያኔ ረድፉ ሁሉ ወሰን ይሆናል፤ ባጉ ካለ ቶሎ ይወጣል። ለፍጥነት መጥፎ ነው፣ ለምርመራ ግን ግሩም ነው።

ለዚህ የተሠራ መሣሪያም አለ፤ ትሬድ ሳኒታይዘር ይባላል። በሁለቱ ኮምፓይለሮች፣ ጂሲሲም ክላንግም ውስጥ አለ። ኮዱን በእሱ አጠናቅራችሁ ስታስኬዱት የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደተጋጨ ይነግራችኋል። ፕሮግራሙ ከ5 እስከ 15 እጥፍ ስለሚዘገይ በትንሽ ካርታ ላይ ሞክሩት። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጂሲሲ የተጠናቀረ ኦፕን ኤምፒ ላይ የሌለ ግጭት አለ ብሎ ሊከስ ይችላል፤ ምክንያቱም የኦፕን ኤምፒው ላይብረሪ ትሬዶችን እንዴት እንደሚያቀናጅ አያይለትም። ክላንግ ኦፕን ኤምፒን ለሳኒታይዘሩ ከሚያስረዳው አርቸር ከተባለ መሣሪያ ጋር ሲሆን ግን ያውቀዋል። እኔ ለዚህ ሥራ ክላንግን የምጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሎክ ነው። ውሃ የሚጨምረው መስመር ላይ ሎክ ታደርጋለህ፤ አንዱ ትሬድ ሲገባ ሌላው ይጠብቃል። ውሃው ይገጥማል። ፍጥነቱ ግን ይሞታል፤ አራት ትሬድ ከአንድ ትሬድ ይብስ ይዘገያል። በቢሊዮን ጊዜ የሚጠራ መስመር ላይ ሎክ አይቀመጥም። አቶሚክ መደመር፣ ማለትም ማንበብ፣ መደመርና መጻፉን ፕሮሰሰሩ ሳይቋረጥ እንደ አንድ ድርጊት ሲያደርገው፣ ከሎክ ይሻላል። እሱም ቢሆን በየሴሉ ሲደረግ ከባድ ነው። አንዳንድ የድሮ ማስተማሪያ ቮላታይል የሚለውን ቃል ሲመክር ታገኙ ይሆናል። ለዚህ አይሠራም። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ቮላታይል የትሬዶችን ግጭት አይከላከልም።

ከልቤ የምመክረው ሌላ ነው። የስሌቱን አቅጣጫ ገልብጡት። የድሮው ኮድ "ለጎረቤቴ ስንት ልስጥ?" ነበር የሚለው፤ ሰጪው በተቀባዩ ሴል ላይ ይጽፋል። አዲሱ "ከጎረቤቶቼ ስንት ይደርሰኛል?" ይላል። እያንዳንዱ ሴል የፈለገውን ያነባል፤ የሚጽፈው ግን በራሱ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጸሐፊ ከሌለ የሚጋጭ ነገር የለም። ሎክም አቶሚክም አያስፈልግም።

በተግባር በሁለት ዙር ነው የሠራነው። በመጀመሪያው ዙር በየሁለቱ ጎረቤት ሴሎች ድንበር ላይ የሚያልፈው ውሃ ይሰላል። ለእያንዳንዱ ድንበር አንድ ቁጥር አለ፤ የሚጽፈውም አንድ ትሬድ ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ሴል የአራት ድንበሮቹን ቁጥር አንብቦ የራሱን ጥልቀት ያድሳል። በሁለቱ ዙር መካከል ሁሉም ትሬድ ይጠባበቃል። ይህ ሌላ ጥቅምም አለው። ከአንዱ የሚወጣውና ወደ ሌላው የሚገባው ያው አንድ ቁጥር ስለሆነ ውሃ አይፈጠርም፣ አይጠፋም። መሐንዲሷ ድምሩን ስታየው ገጠመ።

እዚህ ላይ ስለ መፈተሽ አንድ የምወደው ነገር አለ። በዚህ አሠራር የአንድ ሴል ስሌት በየትኛው ትሬድ እንደተሠራ ለውጥ አያመጣም፤ ቁጥሮቹም ቅደም ተከተሉም ያው ናቸው። ስለዚህ የአንድ ትሬድና የአራት ትሬድ የጥልቀት ካርታ ተቀራራቢ ብቻ ሳይሆን ባይት በባይት አንድ መሆን አለበት። ከተለያየ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ይህን ያህል ጥብቅ ፈተና ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ትሬድ የሚሠራውን ኮድ ፈጽሞ አትጣሉት፤ ዳኛው እሱ ነው።

ድምር ላይ ግን ይህን አትጠብቁ። ፍሎት ሲደመር ቅደም ተከተሉ ውጤቱን ይነካል፤ በየመሃሉ ስለሚጠጋጋ። አራት ትሬድ የየራሱን ደምሮ በመጨረሻ ሲያዋህድ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ከአንድ ትሬዱ ሊለዩ ይችላሉ። ይህ ባግ አይደለም። ድምሩን በደብል (ባለ 8 ባይት ቁጥር) ያዙት፣ መጠነኛ ልዩነትም ፍቀዱ። ትልቁን ቁጥር መፈለግ ግን እንዲህ አይደለም። የሚቀጥለውን እርምጃ ርዝመት ለመወሰን ከፍተኛውን ጥልቀት እንፈልጋለን፤ በየትኛውም ቅደም ተከተል ብትፈልጉት ያው ነው።

ድምርና ከፍተኛ ቁጥር ሲሰበሰብ ሌላ ወጥመድ አለ። ሰዎች አንድ አሬይ ይሠሩና ለየትሬዱ አንድ ቦታ ይሰጣሉ። የዳታ ሬስ የለም፣ ውጤቱም ትክክል ነው። ግን ይዘገያል። አራቱ ደብሎች ጎን ለጎን ስለሆኑ በአንድ 64 ባይት ውስጥ ይወድቃሉ። አንዱ ኮር በጻፈ ቁጥር ያ 64 ባይት ከሌሎቹ ኮሮች ካሽ (ኮሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ይነጠቃል፤ ሲመላለስ ይውላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ትሬድ በራሱ ተለዋዋጭ ይደምር፣ በመጨረሻ አንዴ ብቻ ያስረክብ። የኦፕን ኤምፒው ሪዳክሽን ይህንን ነው የሚያደርግላችሁ።

ከዚያ የሥራ ክፍፍሉ መጣ። ይህኛው የድሬ መልክዓ ምድር ያመጣው ነው። በከፍታ ፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው ረድፍ ሰሜን ነው። ሺህውን ረድፍ በእኩል ለአራት ስትከፍሉት የመጀመሪያው ትሬድ ወደ ሽንሌ የሚወስደው ደረቅ ሜዳ ይደርሰዋል። የመጨረሻው ደግሞ ተራራው ይደርሰዋል። ዝናቡ ያለው ተራራው ላይ ነው። ኮዱ ደረቅ ሴልን ስለሚዘል የመጀመሪያው ትሬድ በአፍታ ጨርሶ ቁጭ ይላል፤ የመጨረሻው ብቻውን ይደክማል። እኩል ረድፍ እኩል ሥራ አይደለም። ረድፎቹን በ16 ወይም በ32 እየቆረጣችሁ የጨረሰው የሚቀጥለውን እንዲያነሳ አድርጉ፤ ኦፕን ኤምፒ ዳይናሚክ የሚለው ይህን ነው። በጣም ትንሽ ከቆረጣችሁ ለማከፋፈሉ ራሱ ጊዜ ይሄዳል። የእኛ ካርታ ላይ 16 ተስማምቶናል፤ የእናንተን ለክታችሁ እዩት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አራት ኮር አራት እጥፍ አይሰጥም። አንዱ ምክንያት የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። ከሥራው 10 በመቶው የማይከፋፈል ከሆነ በአራት ኮር የምታገኙት 3.08 እጥፍ ነው። በስምንት 4.7። ኮር የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩ 10 እጥፍ አትደርሱም። እኛ ጋ ያ 10 በመቶ የካርታ ምስል ዲስክ ላይ መጻፍ ነበር። በየእርምጃው መጻፉን ትተን አልፎ አልፎ አደረግነው።

ሌላው ምክንያት ሜሞሪ ነው። ይህ ስሌት በየሴሉ ጥቂት ነው የሚያሰላው፤ ብዙ ያነባል። ኮሮቹ አራት ቢሆኑም ወደ ሜሞሪ የሚወስደው መንገድ የጋራ ነው። ሦስተኛው ኮር ላይ የፍጥነቱ ጭማሪ ሲቀንስ ካያችሁ የሞላው ያ መንገድ ነው። ያኔ ትሬድ መጨመር አይረዳም፤ የሚመላለሰውን ባይት መቀነስ ነው። ጥልቀቱን ከደብል ወደ ፍሎት መለወጥ ትራፊኩን በግማሽ ይቀንሰዋል። ለጎርፍ ጥልቀት የፍሎት ትክክለኛነት ይበቃል፤ መሐንዲሷም ሁለቱን አስተያይታ ተስማምታበታለች። ላፕቶፑ "ስምንት" እያለ የሚያሳየውም አያታላችሁ። ብዙ ጊዜ አራት ኮር ነው፣ እያንዳንዱ ሁለት ትሬድ የሚይዝ። ሜሞሪ ለሚጠብቅ ሥራ ከአራት ወደ ስምንት ትሬድ ማለፍ እምብዛም አይጠቅምም።

ስትለኩ ደግሞ ሙቀቱን አትርሱ። አንድ ኮር ብቻውን ሲሠራ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። አራቱም ሲሠሩ ዝቅ ያደርጋል። ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ይበልጥ ይቀንሳል። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ ድሬ ቀትር ላይ ማራገቢያው የሚስበው አየር ራሱ ትኩስ ነው። አንዱን ትሬድ ጠዋት፣ አራቱን ከሰዓት ብትለኩ የምትለኩት ኮዱን ሳይሆን ቀኑን ነው። እኔ የምለካው ማለዳ ነው። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ከፍ አደርጋለሁ፣ እያፈራረቅሁ ደጋግሜ አስኬዳለሁ፣ የመሃለኛውን ቁጥር እወስዳለሁ። ሊኑክስ ላይ ስሌቱ እየሄደ የየኮሩን ፍጥነት ማየት ይቻላል፤ እሱንም ከሰዓቱ ጎን እጽፋለሁ። ባትሪ ላይ ፍጹም አትለኩ። መብራት ስለሚሄድም ፕሮግራሙ በየተወሰነ እርምጃ ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ ረጅም ስሌት ከዜሮ መጀመር ያሳዝናል።

የመጨረሻው ምክሬ አንድ ስሌት ከመክፈላችሁ በፊት የምትጠይቁት ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ መልስ በቶሎ ነው ወይስ ብዙ መልስ? ደጋው ላይ ዝናቡ ጀምሮ ከሆነና አንዱን ስሌት ቶሎ ከፈለጋችሁ ከላይ ያለው ሁሉ ያስፈልጋል። ክረምት ሳይገባ ብዙ "ቢሆንስ" ለማዘጋጀት ከሆነ ግን ለየኮሩ አንድ አንድ ዝናብ ስጡት፤ እያንዳንዱ በራሱ ፕሮሰስ፣ በአንድ ትሬድ ይሂድ። የሚጋሩት ነገር ስለሌለ ባጉም የለም። ራሙ መብቃቱን ብቻ እዩ፤ የሜሞሪው መንገድ ከሞላ ደግሞ አራቱን በአንዴ ከማስኬድ ሦስት ማስኬድ ሊሻል ይችላል። መሐንዲሷ አሁን ማታ ማታ የምታስኬደው እንዲህ ነው። የተከፋፈለውን ኮድ ያስቀመጠችው ለክረምቱ ነው።